አሥራ አራት ዓመት በአንድ መስመር

በአገራችን የቀብር ሥርዓት፣ ፍታቱ አልቆ አስከሬኑ ወደ መቃብር ከመውረዱ በፊት፣ የሟች የሕይወት ታሪክ ለሕዝብ ይነበባል። የት ተወለዱ፣ ምን ሠሩ፣ ስንት ልጅና የልጅ ልጅ አዩ፣ በስንት ዓመታቸው ዐረፉ፤ ሁላችንም ቆመን ሰምተነዋል። የአጎቴን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሌሊቱን በለቅሶው ድንኳን ጥግ ተቀምጬ፣ እናቴንና ዘመዶችን እየጠየቅኩ፣ አንድ ገጽ ተኩል የሚሆን ጽሑፍ አዘጋጀሁ። ጠዋት ላይ ደግሜ ሳነበው ከ1969 እስከ 1983 ያሉት አሥራ አራት ዓመታት በዚህች ዓረፍተ ነገር ታጥፈው አገኘኋቸው፦ «በውትድርና ሙያ ተሰማርተው አገራቸውን በቅንነት አገልግለዋል።»

በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ከዚያ የሚበልጥ ነገር ጽፌ ነበር። የታጠቅን ጦር ሰፈር፣ የካራማራን፣ የናቅፋን ስም ጠቅሼ ነበር። ረቂቁን ያዩ አንድ የቤተሰባችን ታላቅ ግን፣ በክፋት ሳይሆን በመጠንቀቅ፣ «የደርግን ነገር ሰው በተሰበሰበበት ምን ያነሣዋል? ለእሳቸውም ክብር አይሆንም» አሉኝ። እኔም እሺ ብዬ በገዛ እጄ ሰረዝኩት። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያ ስረዛ ስህተት ነበር ብዬ ስለማምን ነው። ስህተቱም የእኔ ብቻ ሳይሆን የብዙ ቤተሰቦች እንደሆነ አውቃለሁ፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ በቆምኩባቸው ቀብሮች ይህችኑ ዓረፍተ ነገር፣ ከነቃላቱ፣ ለሌሎች ሰዎች ስትነበብ ደጋግሜ ሰምቻታለሁና።

አጎቴን ጋሼ እያልኩ ነው ያደግኩት። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። የተወለዱት ወሊሶ አካባቢ ሲሆን፣ ከትምህርት ቤት ወጥተው በጅማ መንገድ በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆነው ተቀጠሩ። ቡና ጭነው አዲስ አበባ ይገባሉ፣ ሸቀጥ ጭነው ይመለሳሉ። በሚያዝያ 1969 የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ሃያ ዓመት አልሞላቸውም። «ፈቃደኛ ሆነው ነው የዘመቱት ወይስ ተመልምለው?» ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው ነበር። ትንሽ አሰቡና «ሁለቱም» አሉኝ። «ስሜን ቀበሌ ጻፈው፤ ባይጽፈውም እሄድ ነበር።»

ዘመኑን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ልናገር። በ1969 ኢትዮጵያ በሰሜንም በምሥራቅም ተወጥራ ነበር። የጦር መሣሪያ ታቀርብ ከነበረችው ከአሜሪካ ጋር የነበረው ግንኙነት ተበላሽቶ የሶቪየት ኅብረት ትጥቅ ገና መግባት እየጀመረ ነበር። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በታጠቅ ጦር ሰፈር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የገጠር ወጣት ለጥቂት ወራት ብቻ ሠልጥኖ፣ በሰኔ ወር በአዲስ አበባ በሰልፍ ታይቶ ወደ ግንባር ተላከ። በሐምሌ 1969 የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ መደበኛ ጦር ወደ ኦጋዴን ገባ። በነሐሴ ድሬዳዋ ላይ ተሞከረና ከሸፈ፤ በመስከረም 1970 ጂጂጋ ወደቀች፣ የካራማራ ሰንሰለታማ ተራራም በጠላት እጅ ገባ። ከዚያ እስከ ጥር ድረስ ሐረር በተከበበች ከተማ ኑሮ ትኖር ነበር። ከጥር መጨረሻ ጀምሮ፣ ከ10 ሺህ በላይ የኩባ ወታደሮች በተሳተፉበት መልሶ ማጥቃት፣ ጦሩ ተራራውን በስተ ሰሜን ዞሮና በሄሊኮፕተር ከኋላ ገብቶ የካቲት 26 ቀን 1970 ጂጂጋን አስለቀቀ።

ጋሼ መኪና ያውቃሉ ተብለው ከታጠቅ የወጡት ሹፌር ሆነው ነው። ሲሄዱ ጥይትና ዳቦ፣ ሲመለሱ ቁስለኛ። ስለ ውጊያው ሲጠየቁ ደረታቸውን ነፍተው የሚያወሩ ሰው አልነበሩም፤ «እኔ መሪ ነው የያዝኩት» ብለው ያልፉ ነበር። ስለ መኪናዋ፣ ስለ ኡራሏ፣ ግን ሰዓት ሙሉ ይናገራሉ፤ ማርሿ እንዴት እንደሚገባ፣ በባቢሌና በጂጂጋ መካከል ባለው የዳካታ የድንጋይ ሸለቆ በሌሊት መብራት አጥፍቶ መንዳት ምን እንደሚመስል፣ ረዳቱ ነጭ ነጠላ ለብሶ ከፊት እየሄደ እንዴት እንደሚመራ። ያን ሸለቆ ለሕፃናት ሲተርኩት ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተቀመጠበት የተረት አገር አድርገው ስለነበር፣ አድጌ በዚያ መንገድ እስካልፍ ድረስ ከራሳቸው የፈጠሩት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ልማድ ነበራቸው። በመኪና አብረናቸው በተጓዝን ቁጥር፣ ከመነሣታችን በፊት በጣታቸው እየጠቆሙ ይቆጥሩናል፤ መኪናው በቆመበት ሁሉ እንደገና ይቆጥሩናል፤ ደርሰን ስንወርድ ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ ይቆጥሩናል። «ስንት ሆነን ተነሣን? ስንት ሆነን ደረስን?» ልጆች ስለነበርን ጨዋታ ይመስለን ነበር፤ «አሥራ ሦስት!» ብለን በአንድ ድምፅ እንጮኻለን። አንድ ጊዜ ለዘመድ ሠርግ ሚኒባስ ተከራይተን ወደ ወሊሶ ስንሄድ ቱሉ ቦሎ ላይ ሻይ ልንጠጣ ቆምን። ልንነሣ ስንል ጋሼ ቆጥረው አሥራ ሁለት ሆንን። ደግመው ቆጠሩ፤ አሥራ ሁለት። የአክስቴ ልጅ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ዘግይቶ ነበር፤ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። በዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ ግን ጋሼ የሚኒባሱን በር እጀታ ይዘው፣ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ማንም ሲያናግራቸው ሳይመልሱ ቆመው ቀሩ። ልጁ እየሮጠ ሲመጣ አልተቆጡትም። ትከሻውን ያዝ አድርገው ወደ ወንበሩ ካስገቡት በኋላ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምረው ቆጠሩን። እጀታውን የያዘው እጃቸው ይንቀጠቀጥ እንደነበር ዛሬም ይታየኛል።

ምክንያቱን ያወቅኩት በለቅሶው ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን፣ ከዚያ በፊት በቤታችን ታይተው የማያውቁ አንድ ሽማግሌ መጡ። ከጋሼ ጋር በአንድ የትራንስፖርት ክፍል ያገለገሉ፣ ያኔ የመኪናዋ ረዳት የነበሩ ሰው ናቸው። ነጭ ነጠላ ለብሰው ከፊት ይሄዱ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ጂጂጋ ከጠላት በተለቀቀች ማግስት 19 ቁስለኞች በካሶኒው ላይ ጭነው ማምሻውን ወደ ሐረር መነሣታቸውን ነገሩኝ። መንገዱ በከባድ መኪናና በታንክ ተቆፋፍሮ ስለነበር ቶሎ መንዳት ቁስለኛውን ይጎዳል፤ ቀስ ብሎ መንዳትም ይገድለዋል። በየጥቂቱ ሲቆሙ ጋሼ ከጋቢናው ወርደው በካሶኒው ጠርዝ እየተንጠላጠሉ፣ እያንዳንዱን በእጃቸው እየዳሰሱ ይቆጥሩ ነበር። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ሐረር ሆስፒታል በር ላይ ሲደርሱ በሕይወት የወረዱት 12 ናቸው። «ካሶኒውን እኔ ልጠብ ብለው እምቢ አሉኝ» አሉ ሽማግሌው። «የረዳት ሥራ ነው ብላቸውም አልሰሙኝም። በር ዘግተው ብቻቸውን አጠቡት።»

እናቴ ይህን ስትሰማ እኔ ሳላስብ የያዝኩትን ጥያቄ እሷ አወጣችው፤ «ለሠላሳ ምናምን ዓመት በአንድ ግቢ ስንኖር እንዴት አንድ ቀን አልነገረኝም?» እውነቱን ለመናገር ግን እኛም አንድ ቀን አልጠየቅናቸውም። ያልጠየቅንበትም ምክንያት አለን። ያንን ምክንያት በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

ጋሼ በ1972 ወደ ሰሜን፣ ወደ ኤርትራ ግንባር፣ ተዛወሩ። እስከ 1983 ድረስ ከጥቂት የዕረፍት ጊዜያት በቀር በዚያው ነበሩ፤ የሃምሳ አለቃነት ማዕረግም ያገኙት እዚያ ነው። ስለዚያ ጊዜ የሚናገሩት ከካራማራው በጣም ያነሰ ነው። አንድ ቀን፣ በሬዲዮ ስለ ናቅፋ ሲወራ ሰምተው፣ «ምሽጋችን በጣም ቅርብ ለቅርብ ነበር፤ ሲስሉ ይሰማን ነበር። ስንሰድባቸው በአማርኛ ይመልሱልን ነበር» አሉና ሬዲዮኑን ዘጉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። የውጭ ወራሪን መመከት በኩራት የሚነገር ታሪክ ነው፤ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ከሚያውቅ ወንድም ጋር አሥራ አንድ ዓመት መዋጋት ግን በየትኛው ቃል ይነገራል? በመጋቢት 1980 የናደው ዕዝ አፋቤት ላይ ሲፈርስ እዚያ ነበሩ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የዕዙ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በገዛ መንግሥታቸው ትእዛዝ ተገድለዋል። በግንቦት 1981 መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩት ጄኔራሎች ከፊሉ በዚያው ቀን ሞቱ፤ ከፊሉም ከዓመት በኋላ ተረሸኑ። «የደርግ ሠራዊት» ሲባል ሠራዊቱንና ደርግን አንድ አድርገው የሚናገሩ ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ እወዳለሁ። ሠራዊቱ ገዢውን ያገለገለ ብቻ ሳይሆን፣ ከገዢው እጅ የሞተም ነበር።

ግንቦት 13 ቀን 1983 ኮሎኔል መንግሥቱ ከአገር ሲወጡ ጋሼ ከረን አካባቢ ነበሩ። ጦሩ ተበተነ። ከብዙ ሺህ ሰዎች ጋር በእግራቸው ወደ ሱዳን ድንበር፣ ወደ ከሰላ አመሩ። በመንገድ ላይ ውኃ ጥም ከጥይት የባሰ እንደነበር ብቻ ነግረውናል። የውትድርና መታወቂያቸውንና የምስክር ወረቀታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ከአንድ ግራር ሥር ቀበሩት፤ «ሲረጋጋ ተመልሼ አወጣዋለሁ» ብለው። ከሱዳን ከተመለሱ በኋላም ለወራት በካምፕ ቆይተው ተለቀቁ። ከ450 ሺህ በላይ የሚሆን ሠራዊት በዚያ ሁኔታ ነው ወደየመንደሩ የተሸኘው።

ወደ ቤታችን የመጡበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ ስምንት ዓመቴ ነበር። የራሳቸው ያልሆነ ሰፊ ሸሚዝ ለብሰው፣ ከበሩ ውጭ ጫማቸውን አውልቀው ቆሙ። እናቴ አልጋዋን ብትለቅላቸውም መሬት ላይ ነበር የሚተኙት። በዚያ ዓመት በየመንገዱ የቀድሞ ወታደሮች ሲለምኑ ይታዩ ነበር፤ በትምህርት ቤታችን አንዱ ልጅ ሌላውን ለመስደብ ሲፈልግ «የደርግ ወታደር!» ይለው ነበር። እኔም ብያለሁ። አጎቴ በቤታችን እየኖሩ፣ እኔ በትምህርት ቤት ያንን ቃል እንደ ስድብ እጠቀምበት ነበር። የሰሙኝ አይመስለኝም፤ ሰምተው ከሆነም አልነገሩኝም። ነገር ግን በኋላ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ሆነው ሠላሳ ዓመት ሲሠሩ፣ አብረዋቸው የሚሠሩት ወጣቶች ወታደር እንደነበሩ እንኳ አያውቁም ነበር። ሙያውን የት ተማሩ ሲሏቸው «በጅማ መንገድ» ይሉ ነበር።

ስለ ጡረታቸው ሦስት ጊዜ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄደዋል። መልሱ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ነበር፤ ማስረጃ አምጡ። ማስረጃቸው ከግራር ሥር ነው። አራተኛ ጊዜ እንዲሄዱ ስንጎተጉታቸው፣ «እኔን ለማመን ወረቀት የሚፈልግ ሰው ጋ ደግሜ አልሄድም» አሉ። በዚህ አቋማቸው ያኔ ተናድጄባቸው ነበር፤ ገንዘቡ ያስፈልጋቸው ነበርና። ዛሬ ግን የተቀየሙት በገንዘቡ እንዳልነበር ይገባኛል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የካቲት 26 ሲመጣ የካራማራ ድል እየታሰበ ነው። ይህ መልካም ነው፣ ዘግይቶም ቢሆን። አንድ ዓመት ጋሼን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ወዳለው ወደ ትግላችን ሐውልት ወሰድኳቸው። በ1977 ከተመረቀ ጀምሮ ቀርበው አይተውት አያውቁም። ከወደቁት የኩባ ወታደሮች ምስል ፊት ለረጅም ጊዜ ቆሙ፤ አንድ ሁለቱን የሚያውቋቸው መስሏቸው ዕድሜያቸውን ለመገመት ይሞክሩ ነበር። «ልጆች ነበሩ» አሉ። ከዚያ ሰዎች ከበቧቸውና «አባባ፣ ካራማራ ነበሩ እንዴ?» ብለው አብረዋቸው ፎቶ ሊነሡ ፈለጉ። ተነሡ፤ ደስም አላቸው። ወደ ቤት ስንመለስ ግን በመኪናው ውስጥ የተናገሩትን አልረሳውም፦ «ካራማራ የነበርኩት እኔ ነኝ። አፋቤት የነበርኩትም እኔው ነኝ። ለአንዱ የሚያጨበጭብልኝ ሰው ስለ ሌላው ሊጠይቀኝ አይፈልግም።»

ይህ ንግግራቸው ለእኔ የነገሩ ሁሉ ማዕከል ነው። አርበኛን ስናስታውስ የምንወደውን ጦርነት መርጠን የምናስታውስ ከሆነ፣ ሰውየውን ሳይሆን የራሳችንን ስሜት ነው የምናከብረው። ጋሼ የተዋጉባቸውን ጦርነቶች አልመረጡም። ወደ ምሥራቅ የላካቸውም ወደ ሰሜን የላካቸውም ያው መንግሥት ነው፤ በሁለቱም ቦታ መሪ የያዙት፣ ቁስለኛ የጫኑት እነዚያው እጆች ናቸው። ያ መንግሥት የፈጸመው ግፍ በታሪክ ይመርመር፣ ይፈረድበትም፤ በገዛ ሕዝቡ ላይ ያደረገውን አንድም ሰው ሊያስተባብል አይገባም። ነገር ግን ፍርዱ የሚያርፈው ትእዛዙን በሰጠው ላይ እንጂ፣ በሌሊት መብራት አጥፍቶ ቁስለኛ ባመላለሰው ሹፌር ላይ አይደለም። ስለ ሰሜኑ ጦርነት መናገርም የግድ ማሞገስ አይደለም። ጋሼ ስለ ሶማሌም ሆነ ስለ ኤርትራ ሕዝብ ክፉ ቃል ሲወጣቸው ሰምቼ አላውቅም፤ ቢጠየቁ ኖሮ ሊናገሩ ይችሉ የነበረው ነገር ከማንኛችንም ጩኸት ይልቅ ለሰላም ይጠቅም እንደነበር እርግጠኛ ነኝ።

በ1969 ሃያ ዓመት ገደማ ሆኗቸው ታጠቅ የገቡት ሰዎች ዛሬ ሰባ ዓመትን የተጠጉ ወይም ያለፉ ናቸው። ብዙዎቹ ወረቀት የላቸውም፤ ወረቀታቸው እነሱው ናቸው። በየቤቱ፣ በየጋራዡ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጃፍ አሉ። ሐውልት ማቆምና በዓመት አንድ ቀን ማሰብ የመንግሥት ሥራ ሊሆን ይችላል፤ አጠገብ ቁጭ ብሎ «ከዚያስ?» እያሉ መስማት ግን የእኛ የእህትና የወንድም ልጆች ሥራ ነው። በእጃችን ያለው ስልክ ድምፅ ይቀዳል። እኔ የጋሼን ድምፅ በስልኬ ውስጥ ብፈልግ ያገኘሁት ለልደቴ «እንኳን አደረሰህ» ያሉበትን ሃያ ሰከንድ ብቻ ነው።

ወደ ሽማግሌው፣ ወደ ረዳታቸው፣ ግን ከለቅሶው በኋላ በየሳምንቱ ቅዳሜ እሄዳለሁ። እሳቸው እየነገሩኝ፣ እኔ እየጻፍኩ፣ በቀብሩ ዕለት መነበብ የነበረበትን አንቀጽ አብረን አዘጋጅተናል። እንዲህ ይላል፦

«በ1969 ለእናት አገር ጥሪ ከጅማ መንገድ የጭነት መኪና ወርደው ታጠቅ ጦር ሰፈር ገቡ። ሹፌር ሆነው በሐረር ግንባር ተመደቡ። በየካቲት 1970 ጂጂጋ ከጠላት በተለቀቀች ማግስት 19 ቁስለኞች ጭነው በሌሊት በዳካታ ሸለቆ በኩል ወደ ሐረር ተጓዙ፤ 12ቱን በሕይወት አደረሱ፤ 7ቱን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲቆጥሯቸው ኖሩ። ከ1972 ጀምሮ በሰሜን ግንባር፣ በናቅፋና በአፋቤት፣ ያኔ የአንድ አገር ልጆች ከነበሩ ሰዎች ጋር ተዋጉ፤ ስለዚያ ሊናገሩ የፈለጉት ጥቂት ነበር፣ የጠየቃቸውም አልነበረም። በግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን ከከረን ወደ ከሰላ በእግራቸው ሄዱ። የውትድርና መታወቂያቸውን በላስቲክ ጠቅልለው በመንገዱ ዳር ከአንድ ግራር ሥር ቀብረውታል። እስካሁን እዚያው ነው።»